የሠርግ ዩኒፎርም

ለ36 ዓመት ጠዋት ስነሣ ምን ልልበስ ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። ነጭ ጋውን፣ ነጭ ጫማ፣ ድሮ ደግሞ ነጭ ቆብም ነበረን። ልብሱን የሚሰጠን መሥሪያ ቤቱ ነው፤ አጥቦ መተኮሱ የእኛ ፋንታ። የሀብታም ልጅም ሆነች የድሃ ልጅ፣ ኮቷን አውልቃ ነጩን ከለበሰች በኋላ ሁላችንም አንድ ነን። በሽተኛው "ሲስተር" ብሎ ሲጣራ ማንኛችንን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ጡረታ ስወጣ ቁምሳጥኔን ከፍቼ ባየው ከሁለት የሀገር ልብስና ከጥቂት ሹራቦች በቀር ለሰው ፊት የሚሆን ነገር የለኝም። ስቄ ዘጋሁት። ከእንግዲህ የት ልሄድ ነው ብዬ።

የት እንደምሄድ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። በእኛ ዕድሜ የወዳጅ ልጅ ያገባል፣ የልጅ ልጅ ክርስትና ይነሣል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ክረምቱ እስኪገባ የጥሪ ካርድ ይደራረባል። ካርዱ ራሱ ያስፈራል፤ ወፍራም ነው፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ፣ በሪባን የታሰረ። አዳራሹ የሆቴል አዳራሽ ነው።

በወጣትነቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ድንኳን ውስጥ የሚጨፈረው በጊዜ ነበር፤ ከመሸ ወይ ተሮጦ ይኬዳል ወይ እዚያው ይታደራል። የምንለብሰው ያለንን ነው። አንዷ የእናቷን ጥልፍ ቀሚስ፣ ሌላዋ የቴትሮን ጉርድ። በነርሶች መኖሪያ አንድ ጥቁር ታኮ ጫማ ነበረች፤ ያቺ ጫማ ከእኔ የበለጠ ሠርግ አይታለች። ቁጥሯ 38 ነው። 39 የምትለብሰው ጓደኛችን እያነከሰች እስክስታ ትወርድ ነበር።

ወደ ባለፈው ጥር ልመለስ። በአንድ ማዋለጃ ክፍል አብረን የሠራን አምስት ሴቶች ነን። ከመካከላችን ኑሮዋ የተቃናላት አንዷ ልጇን ልትድር ሆነ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ምክንያቱም ሙሽራዋ የተወለደችው በእኛው ክፍል፣ በእኛው እጅ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የተቀበለቻት ሁልጊዜ የማታ ተራ የምትወስደው ጓደኛችን ናት። እኔ ብርሃን ይዤ ቆሜ ነበር።

የሙሽራዋ እናት ጓደኞች በሙሉ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባን። በሁለተኛው ቀን የቀሚስ ፎቶ መጣ። ሁላችንም አንድ ዓይነት እንለብሳለን ተባለ፤ ነጭ የሀገር ልብስ፣ ወይን ጠጅና ወርቃማ ጥለት ያለው፣ ከነስፌቱ 16 ሺህ ብር። ማታ ለምሳሌ ኬኩ ሲቆረስ ደግሞ የሚቀየር ረጅም ብልጭልጭ ቀሚስ አለ፤ እሱ ለቻለ ነው ተባለ። የእኔ የወር ጡረታ 5 ሺህ አይሞላም። ግን ዕቁብ ሊደርሰኝ ነበርና ልቤ አበጠ። የመጀመሪያዋ ሆኜ "በጣም ያምራል!" ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስት ቀይ ልብም ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ማን አያምርም ይላል? ሃያ ሁለት ሴቶች ተከታትለው ያምራል አሉ። የማታዋ ጓደኛዬ ምንም አልጻፈችም። እኔም ልብ አላልኩትም።

ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን ማክሰኞ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ ዕረፊ ተብያለሁ። ይቅርታ ጠይቂልኝ።" ድምፅዋ ግን የበሽተኛ አልነበረም። ነርስ ነርስን አታታልልም። የግፊት መለኪያዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በማግስቱ ሄድኩ።

አምስት ደቂቃ አስቀመጥኳት። እግሯን አላነባበረችም፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አሳረፍኩት፣ እንደ ደንቡ። 124 በ78። በሌላኛው ክንድ ለካሁ፤ ያው ነው። መለኪያውን እየፈታሁ "አንቺ እኮ ጤነኛ ነሽ" አልኳት።

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች።

ዝም ተባባልን። ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የነገረችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው ልጇ ከሚልክላት ነው፤ ልጁ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሥራ የለውም።

"ብትነግሪን እኮ አዋጥተን እናሰፋልሽ ነበር" አልኩ።

"ለዚህ ነው ያልነገርኳችሁ።"

አፌን ያዘኝ። ያቺን ሦስት ቀይ ልብ አስታወስኩ። ትንሽ ቆይቼ "ልጅቷን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ፤ ያላንቺ አይሆንም" ስላት ሳቅ አለችና "ስቀበላት የመንግሥት ጋውን ነበር የለበስኩት፤ እሱን ለብሼ ልምጣ?" አለችኝ።

ሣጥኗን አስከፈትኳት። ከሥር፣ በአንሶላ የተጠቀለለ፣ ልጇ ሲመረቅ ያሰፋችው የፈትል ቀሚስ ወጣ። እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል፣ ጎኑ ይጠባታል፤ ጨርቁ ግን ጨርቅ ነው። የእጅ ፈትል የሚታወቀው በመዳፍ ነው፤ ክሩ አንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዱ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ወደ ብርሃን ብታነሡት እኩል አይደለም። በፋብሪካ የተሠራውና ጥለት ታትሞበት የሚመጣው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ የተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሰውነት ላይ ይጣበቃል።

እንዴት እንዳደስነው ልንገራችሁ፤ ሣጥናችሁ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይጠፋምና። በረኪና አይነካውም፤ ክሩን ይበላል፣ የጥለቱንም ቀለም ያበላሻል። ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ዘፈዘፍነው፤ አላሸነውም፣ አልጠመዘዝነውም፣ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ። ጥላ ላይ ተሰጣ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ጥልፉ በሚወጋበት ቦታ ፎጣ ዘርግተን፣ በውስጥ በኩል ተኮስነው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ይዘነው ወጣን። ከእንጦጦ ግርጌ ያ ሁሉ የተሰቀለ ነጭ ልብስ ሲታይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች እጅ ነው ያንን ሰፈር ያስጠራው። ልብስ ሰፊው ወጣት ቀሚሱን ገልብጦ አየና "እናቴ፣ ይሄ አይሸጥም እኮ፤ ከየት ይገኛል?" አላት። በጎኑ ትርፍ ጨርቅ ነበረ፤ ፈታው። ጫፉ ላይ ያረጀውን ጥለት አንሥቶ አረንጓዴ ለጠፈበት። የከፈልነው 1,400 ብር ነው። እሷው ራሷ ከፈለች።

መቼም ነርስ ነኝና ጫማ ሳላነሣ አላልፍም። ከሰዓት በኋላ እግር ያብጣል፤ ጫማ የሚገዛውም የሚለካውም ያኔ ነው። አዲስ ጫማ በሠርግ ቀን አይጀመርም፤ ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ፈጽሞ። ቁስሉ ሳይሰማት ቆይቶ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ነው ደም የምታየው። ስለዚያ ሆድ ስለሚያጠብቀው የውስጥ ልብስ ደግሞ እንዲህ ልበል፤ ቁርጥ ሊበላ የመጣ ሰው እንዴት ሆዱን አስሮ ይመጣል? ነጠላችሁንም ልብ በሉ። ጥለቱ አንገት ዙሪያ ከመጣ ለቅሶ ነው። አንዲት ከውጭ የመጣች ልጅ እንዲያ አጣፍታ አዳራሽ ስትገባ አሮጊቶች ተያይዘው ሲደነግጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔ የ16 ሺውን ለበስኩ። ከፍዬበት ሣጥን ውስጥ ላስቀምጠው? ጓደኛዬ የራሷን ለበሰች። ነጠላዋን ጣል ስታደርግ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሁሉ እሷ ታምር ነበር፤ ይህን ለወዳጅነት አልልም። የሙሽራዋ እናት አቅፋ ሳመቻት። ወዲያው ግን ዝቅ ብላ አየችና "ምነው እቴ፣ የእኛን አልለበስሽም?" አለቻት። ክፋት የላትም፤ እንዲሁ ነው የወጣት። ጓደኛዬ "ሰፊው ሳያደርስልኝ ቀረ" አለች። በአንድ ሳምንት ሁለተኛ ውሸቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሳውቃት ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ፎቶ አንሺው "አንድ ዓይነት የለበሳችሁ እናቶች ወደ ሙሽሮቹ!" ብሎ ጮኸ። ሃያ ሦስት ሆነን ተነሣን። ቦርሳዬን አየሁት፣ ወንበሩን አየሁት። እጇን ዘርግታ "ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ፤ ሂጂ" አለች። ከኋላችን ሌሎች ሴቶችም ቦርሳቸውን አስታቀፏት። ሄድኩ። ሄጄ በሙሽራዋ በስተቀኝ በኩል ቆምኩ፣ ፈገግም አልኩ።

አልበሙ ሲመጣ ያንን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሁላችንም እንደ ነርስ ትምህርት ቤት ምርቃት ተሰልፈናል። ሙሽራዋን የተቀበለቻት ሴት የለችም። በግራ ጠርዝ በኩል የአረንጓዴ ጥለት ጫፍና የአንድ ቦርሳ ማንጠልጠያ ይታያል፤ ለማያውቅ ሰው መጋረጃ ይመስላል።

አሁን ግንቦት ላይ ሌላ ሠርግ አለ። ግሩፑ ተከፍቷል፣ የቀሚሱ ፎቶም መጥቷል፤ የዚህኛው ጥለት ሰማያዊ ነው። በዚህም ጊዜ የመጀመሪያዋ እኔ ሆንኩ። "ሙሽሮቹን እግዚአብሔር ይባርክልን። እኔ ያለኝን ለብሼ እመጣለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ተባለ። ስልኩን እያነሣሁ እያስቀመጥኩ የተቀደደ ሹራብ ስሰፋ ቆየሁ። ከዚያ አንዷ አውራ ጣት ላከች። ሁለቱ ግሩፑን ትተው በግል ደወሉልኝና፣ እንደ ቀልድ አድርገው፣ እነሱም እንዲሁ ለማድረግ እያሰቡ እንደሆነ ነገሩኝ። ማታ ደግሞ የማታዋ ጓደኛዬ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከሳቋ የተነሣ ቃሉን ለመስማት ሁለት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።

"አንቺ ውሸታም፣ ያለሽማ ያ የ16 ሺው ነው!"