አራዳ ጊዮርጊስና ዶሮ ማነቂያ

እናንተ ስለ አዲስ አበባ ትጠይቁናላችሁ። እኛ ያደግነው ፒያሳ ነው።

አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ በኋላ ታደሰ። በዕድሜ እንኳ የእናንተ ጎዜ መስጊድ ይበልጠዋል!

ብዙ ሳይርቅ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። ጥላሁን ገሠሠ ዘፋኝነት የጀመረው እዚያ ነው። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ እናንተ ለሠርግ የምትመቱት ከበሮ ሳይቀር መድረክ ይወጣል።

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ግን በ2016 ዓ.ም. ለልማት ፈረሰ። ግድግዳ ተጋርተን፣ ቡና ተጠራርተን የኖርን ሰዎች በየዳሩ ተበተንን። እድራችንስ፣ እናንተ ቅሬ የምትሉት? ድንኳኑና ድስቱ ለማን ይሁን ስንባባል አመሸን።