ካሣ የሚባል ስም

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራንዮ እናት ልጅዋን «ካሣ!» ብላ ስትጠራ የሚሰማ ሰው፥ ከዚህ ልጅ በፊት አንድ ሌላ እንደ ነበረ ይገምታል። ካሣ ማለት ስለ ጠፋው የሚሰጥ ምትክ ነውና፥ ከሐዘን በኋላ ለተወለደ ወንድ ልጅ ይወጣለታል። እንዲህ ያለው ልጅ እጅግ ይወደዳል፤ ነገር ግን ሸክሙ ለሕፃን ትከሻ ቀላል አይደለም።

ሁለት ነገሥታት በልጅነታቸው በዚህ ስም ተጠርተዋል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ነግሠው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ ካሣ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ነግሠው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ።

ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ካሣ እንደ ተባሉ ኖሩ። በ1929 ዓ.ም. ሦስት ልጆቻቸውን፥ ወንድወሰንን፥ አበራንና አስፋ ወሰንን፥ ኢጣልያኖች ገደሉባቸው። ከወንዶች ልጆቻቸው አንድ አሥራተ ብቻ ቀረላቸው።