ስለ ነፋስና ስለ ደንገል ታንኳ

በግእዝ ነፋስና ነፍስ መንፈስም ከአንድ ግስ የሚወጡ ቃላት ናቸው። ሦስቱም በዓይን አይታዩም፤ በሥራቸው ግን ይታወቃሉ። እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ከዚህ ተነሥተን ስለ መንፈስና ስለ ነፍስ ብዙ እንናገራለን፤ ነፋሱን ግን ለምሳሌ ብቻ ጠቅሰን እናልፈዋለን። ዛሬ ለመናገር የወደድሁት ስለዚሁ ስለ ታለፈው ስለ ነፋሱ፥ ከእርሱም ጋር ተስማምተው መኖርን ስላወቁት ስለ ጣና ባለታንኳዎች ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ወርዶ ደምብያን ያለፈ መንገደኛ በጎርጎራ ጣናን ያገኛል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጧት እንደ ተፋቀ ብራና ለጥ ብሎ ይታያል። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ምድሩ ከውኃው ይልቅ ፈጥኖ ይሞቃልና በምድሩ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲወጣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነፋሱ ከምድር ወደ ሐይቁ ይነፍሳል።

በዚህ ውኃ ላይ የሚሄደው ታንኳ ምስማር የለውም፥ ሸራም የለውም። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶው ሆኖ በገመድ ይጠፈራል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። በአገዳው ውስጥ ያለው አየር ያንሳፍፈዋል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና ከሥራ በኋላ በየብስ ላይ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ እንዲህ ተጠብቆም ዕድሜው ከጥቂት ወራት ብዙ አያልፍም።

በቅኔ ተማሪነቴ ዘመን ከጎርጎራ ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም በዚህ ታንኳ ተሻግሬአለሁ። ባለታንኳው ሽማግሌ ከመነሣታችን በፊት ለገዳሙ የተላከውን እህል ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ ስፍራ አኖረው፤ ጠፍሩንም በእግሩ እየረገጠ መረመረ። መንገድ ላይ ሳለን ነፋሱ ከፊታችን መጣ። ሽማግሌውም «ልጄ፥ ቀና ብለህ አትቀመጥ፥ ዝቅ በል፤ ወደ እኔም ጠጋ በል» አለኝ። ወደ እርሱ ስጠጋ አፍንጫው ቀለለና ማዕበሉን መውጣት ጀመረ። ቀጥታ ስለ ምን እንደማንሄድ ብጠይቀው «ማዕበሉ ጎኑን ካገኘው ይገለብጠዋል» ብሎ ታንኳውን አግድም እየመራ ወደ ደንገሉ ጥግ አስጠጋው፤ ነፋሱም እስኪበርድ ድረስ በዚያ ቆየን።

ይህ የድሮ ሰው ልማድ ብቻ ነው የሚል ቢኖር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ጊዜ በማርሴይ ከተማ ባሕር ላይ የተደረገውን ውድድር ይመልከት። ተወዳዳሪዎቹ ሸራ ይዘው በሰሌዳ ላይ ይቆማሉ፤ ከሰሌዳውም በታች በቀጭን ምሰሶ የተያያዘ ክንፍ በውኃ ውስጥ አለ። ውኃው በክንፉ ላይ ሲያልፍ ሰሌዳውን ከነሰውየው ወደ አየር ያነሣዋል። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የማንሣቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ነፋሱ ሲበረታ ሰሌዳው ከልክ በላይ ይወጣል፤ ክንፉ ከውኃው ከተለየም ሰውየው ይወድቃል። መድኃኒቱ ክብደትን ወደ ፊተኛው እግር ማዛወር ነው፤ ነፋሱ ሲደክም ደግሞ ወደ ኋለኛው። ዕቃውን ከዕለቱ ነፋስ ጋር ማስማማት ግን ይበልጡን የሚቻለው በዳር ሳሉ ነው። እንግዲህ የማርሴዩ ጎልማሳና የጎርጎራው ሽማግሌ በአንድ ሕግ ያድራሉ፤ ነፋሱን ማዘዝ አይቻላቸውም፤ ያላቸው ሥልጣን በሸክማቸውና በጠፍራቸው ላይ ነው።

ይህን ሕግ ማቃለል ምን እንደሚያመጣ የኖርዌዩ ሰው ቶር ሄየርዳል አይቷል። ከጣና ደንገል ወስዶ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለውን ጀልባ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች አሠራ፤ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ጀመረ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ ከተቆለመመው ከጀልባው ጅራት እስከ ወለሉ የተወጠረ አንድ ገመድ ይታይ ነበር፤ ጥቅሙ ስላልታወቀ ግን ተተወ። ጅራቱ ውኃ ጠጥቶ ሰጠመ፤ ጀልባውም ዳር ሳይደርስ ቀረ። ከዓመት በኋላ «ራ ሁለት» ያን ስሕተት አርሞ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። የደረሰበትም ዕለት በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በባሕር ላይ ሲሄድ ነፋሱን አይቶ የፈራው የጴጥሮስ፥ መርከበኞቹም በዐውሎ ጊዜ መርከባቸውን በገመድ ሲያስታጥቁ ያየው የጳውሎስ በዓል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የዚያ ገመድ ነገር ዛሬ የእኛ ነገር ሆኗል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም በደምብያና በፎገራ በኩል ያለውን የሐይቁን ዳር ወርሮታል፤ ደንገሉም ከየዳሩ እየሳሳ ነው፤ የሞተር ጀልባውም የታንኳውን ሥራ ወስዷል። ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሙያ የታወቁት ነገደ ወይጦ ጉማሬ አዳኞች ነበሩና ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ሆኖም በየደሴቱ ያሉት ገዳማት የብራና መጻሕፍቶቻቸውን፥ እህላቸውንና መነኮሳታቸውን ያሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው። በሃይማኖት ከእኛ መለየታቸው ይህን ዕዳ አያስቀርም።

እኛ የቅኔ መምህራንን የትውልድ ሐረግ በቃል አጥንተን እንቆጥራለን። ደንገሉ በየትኛው ወር እንደሚታጨድ፥ ጠፍሩ ስንት ዙር እንደሚዞር፥ ነፋሱም ከየአቅጣጫው ሲመጣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ግን ከሽማግሌዎቹ ቃል ተቀብሎ የሚጽፍ ያስፈልጋል። በጎርጎራ ዙሪያ ያሉ ካህናትና በጎንደር ያሉ የትምህርት ሰዎች አንድ ደብተርና ጥቂት ቀን ቢሰጡ ይህ ይፈጸማል፤ ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይኖርም። እግዚአብሔር ባስልኤልን መንፈሱን የሞላበት ለእጅ ሥራ እንደ ነበረ በኦሪት እናነባለንና፥ የእጅን ጥበብ ማክበር ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም።