የተቃጠለው መሃል

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ፎቶ ነው። በስሜ ለጥፌው ብዙ ሰው አድንቆልኛል። ግማሹ ግን የኔ አልነበረም።

ድሬዳዋ ውስጥ ኒካህና ሰርግ እያነሳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በታህሳስ ወር፣ ሰፈራችን መብራት ጠፋና ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንጋጥጬ ሳይ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የኦሪዮን መታጠቂያ ናቸው። ስማቸውን ስፈልግ ገረመኝ፦ አልኒታክ፣ አልኒላም፣ ሚንታካ። ሦስቱም ከአረብኛ የመጡ ናቸው፤ ሚንታካ መታጠቂያ ከሚለው ቃል ነው። ከታች ያለው ደማቁ ሪጀልም ከ«ሪጅል»፣ ከእግር የመጣ ነው። ዓለም ሁሉ ዛሬም ኮከቦቹን በነዚህ ስሞች ይጠራቸዋል።

ከመታጠቂያው ዝቅ ብሎ እንደ ሰይፍ የተንጠለጠለ ትንሽ የኮከብ ሰልፍ አለ። መካከለኛዋ ደብዘዝ ያለች ናት፤ ኮከብ ትመስላለች እንጂ ኮከብ አይደለችም። የኦሪዮን ኔቡላ ናት። ኔቡላ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው፤ አረቦች «ሰዲም» ይሉታል፣ ጭጋግ እንደማለት ነው። ውስጧ አዳዲስ ኮከቦች ይወለዳሉ። ርቀቷ ወደ 1,300 የብርሃን ዓመት ነው። ስለዚህ ያን ምሽት ዓይኔ ውስጥ የገባው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በታቢዒዮች ዘመን ነበር ማለት ነው። ሱብሃነላህ! ይህን ካወቅኩ በኋላ ዝም ብዬ መተኛት አልቻልኩም። ካሜራዬንና 200 ሚሊሜትር ሌንሴን ይዤ ተመልሼ ጣሪያ ላይ ወጣሁ።

ችግሩ ምድር አትቆምም። በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። በዚህ ሌንስ ከ2 ሰከንድ በላይ ካቆየሁት ኮከቦቹ እንደ ሰረዝ ይረዝማሉ። ስለዚህ ባለ 2 ሰከንድ ፎቶ በመቶዎች አንስቼ በኮምፒውተር ደረብኳቸው። መሃሉ ታየ፣ ዳር ዳሩ ግን ጨለማ ነው። የደመናው ክንፎች እንዲወጡ ብርሃኑን ስጨምር ደግሞ መሃሉ ተቃጠለ፤ ነጭ ወረቀት ሆነ።

ይህን ሰርግ የሚያነሳ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሶ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ፣ ለሱፉ ካስተካከልክ ቬሎው ይቃጠላል፣ ለቬሎው ካስተካከልክ ሱፉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። የካሜራው ሴንሰር ዝናብ እንደሚቀበሉ ብዙ ትናንሽ ኩባያዎች ነው። ኩባያው ከሞላ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ይፈሳል፣ አይመዘገብም። አንዴ የተቃጠለ ቦታ በምንም ፕሮግራም አይመለስም፤ ውስጡ የሚመለስ ነገር የለምና።

እኔም ምን አደረግኩ? ከኢንተርኔት በትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሳ የዚያው ኔቡላ ፎቶ አወረድኩ፣ መሃሉን ቆርጬ በተቃጠለው ቦታዬ ላይ ለጠፍኩት። ቀለሙን አመሳሰልኩ። ከዚያ «ድሬዳዋ፣ ከቤቴ ጣሪያ ላይ» ብዬ ፖሰትኩት። ሰዉ «ማሻአላህ»፣ «ኩራታችን» እያለ አጥለቀለቀኝ። እኔም ደስ አለኝ። ማታ ማታ አስተያየቶቹን እደጋግማቸው ነበር።

ከሳምንት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ስቱዲዮ መጣ። ስለ ኔቡላው ያገኘውን ሁሉ አንብቧል። «አቦ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ» አለኝ። «መሃል ላይ ያሉት አራቱ ኮከቦች በጣም የተጠጋጉ ናቸው ይላል። አንተ በ200 ሌንስ እንዴት ለያየሃቸው? እኔም መማር ፈልጌ ነው።»

ሊያጋልጠኝ ፈልጎ አልነበረም። ያመነኝ ልጅ ነው፣ የመጣውም ሊማር ነው። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ቀን» ብዬ መለስኩት። ሲወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነቱን ካልነገርኩት፣ ይህ ልጅ ለወራት እኔ ያላደረግኩትን ነገር ለማድረግ ይሞክራል፤ ሲያቅተው ደግሞ ጥፋቱን ራሱ ላይ ያደርጋል።

በዚያው ሰሞን ስለ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ አነበብኩ። በ903 ሬይ ከተማ የተወለደ የሰማይ አጥኚ ነው። በ964 አካባቢ የጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ አንድሮሜዳ የምንላትን ጋላክሲ እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ መዝግቧታል። ቴሌስኮፕ ከመፈጠሩ ከ600 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። እኔን የነካኝ ሌላው ሥራው ነው። ከሱ በፊት የነበረው የበጥሊሞስ ዝርዝር በጣም የተከበረ ነበር። አስ-ሱፊ ግን የኮከቦቹን ድምቀት ዝም ብሎ አልገለበጠም፤ በዓይኑ እያየ አረመ። እኔ ደግሞ ያላየሁትን ገልብጬ አየሁ አልኩ።

ፎቶውን አጠፋሁና ያደረግኩትን ጻፍኩ። ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ ሳቀብኝ። የከበደኝ ግን ከአንዲት ሙሽራ ወንድም የመጣው መልእክት ነው፦ «የእህቴ አልበም ላይስ ምን ጨመርክ?» አልተቀየምኩትም፤ ሊጠይቅ ይገባዋል። እንጀራዬ ሰው በኔ ላይ ያለው እምነት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ልጁን ጠራሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ በትክክል እንስራዋ» አለ።

ምድር የምትዞረውን ያህል ካሜራውን የሚያዞር ነገር ያስፈልገን ነበር። ተገዝቶ የሚመጣው ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ አያይዘን ሠራን። ከማጠፊያው 229 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን አስገባን። የቡሎኑ ጥርስ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ በደቂቃ አንድ ዙር ከዞረ ጣውላው በሰማዩ ፍጥነት ይከፈታል። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ማመልከት አለበት። እኛ አገር ያ ኮከብ ዝቅ ያለ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ደግነቱ ከከተማው በስተሰሜን ሜዳ ነው። አንድ ዘመዴ እዚያ ግቢ አለው።

ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ለመምረጥ የሂጅራ ካላንደር በቂ ነው፤ ከወሩ 27 እስከ ቀጣዩ 3 ድረስ ያሉት ሌሊቶች ጨለማ ናቸው። በየካቲት፣ ኢሻ ሰግደን ካሜራውን ተከልን። ልጁ ሰዓቱን እያየ ቡሎኑን ከሰከንድ ቆጣሪው ጋር እኩል ያዞራል፣ እኔ አነሳለሁ። ለክንፎቹ 30 ሰከንድ፣ ለመካከለኛው ክፍል 8 ሰከንድ፣ ለመሃሉ 2 ሰከንድ። ከባለ 30 ሰከንዶቹ ከግማሽ በላይ ተበላሽተዋል፤ እጅ ይደክማል። በመጨረሻ ሌንሱን ከድነን ጨለማውን ብቻ አነሳን፤ ሙቀት ሴንሰሩ ላይ የሚፈጥረውን ነጠብጣብ ለመቀነስ ይጠቅማል።

ከዚያ ዲፕ ስካይ ስታከር በሚባል ነፃ ፕሮግራም ሦስቱን ስብስብ ለየብቻ ደረብኩ። ባለ 30 ሰከንዱን ከታች፣ ባለ 8ቱን ከላዩ፣ ባለ 2ቱን ከሁሉም በላይ አድርጌ፣ በማስክ የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ አጭሩ እንዲታይ ፈቀድኩ። ኤችዲአር የሚሉት ይህንን ነው። የማስኩ ጠርዝ ካልለሰለሰ ቀለበት ይታያል። አንድ ሌላ ፈተናም አለ፦ መሃሉን ከመጠን በላይ ካጨለምከው ዝርዝሩ ይወጣል፣ ግን ክንፎቹ ከመሃሉ እኩል ይደምቃሉ። ያም ውሸት ነው፤ ሰማይ ላይ መሃሉ ሁልጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ደማቁ ደማቅ ሆኖ እንዲቀር አደረግኩ።

ቀለሙንስ? ቀዩ የሃይድሮጅን ጋዝ ብርሃን ነው። እኛ በዓይናችን ግራጫ የምናየው በጨለማ ጊዜ የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ቀለም ስለማይለይ ነው። ካሜራው ቀለሙን አልፈጠረውም፤ ዓይናችን የማይደርስበትን ሰበሰበ እንጂ።

ሱብሂ ሲቃረብ ፎቶው አለቀ። ከተጭበረበረው ያነሰ ነው፤ ጥራቱም ዝቅ ይላል። መሃሉ ላይ ግን የደመናው እጥፋት ታየ፣ በኛው ብርሃን። አራቱ ኮከቦች አልተለያዩም፤ ተጣብቀው አንድ ነጥብ ሆነዋል። ልጁ ስክሪኑን ቀርቦ አየና «አራቱ የሉም» አለ።

«የሉም» አልኩት። «ሌንሳችን አይለያቸውም።»

«እንግዲያውስ ይሄ የኛ ነው» አለኝ።

ስንለጥፈው ከስሩ ሁሉንም ጻፍን፦ ስንት ሰከንድ፣ ስንት ፎቶ፣ በምን እንደተገጣጠመ። አድናቆቱ ከበፊቱ ሩቡን አይሞላም። ያ የሙሽራዋ ወንድም ግን አይቶት ኖሮ ለራሱ ኒካህ ቀጠረኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ በየካቲት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን ከራሳችሁ በላይ ናት። ስልካችሁን አጥፍታችሁ 20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆዩ፣ ሰይፏ መሃል ያለችውን ደብዛዛ ፈልጓት። ካሜራ ካላችሁ በሮው አንሱ፤ አጭርም ረጅምም አንሱ። መሃሉ ከተቃጠለባችሁ ተቃጠለ በሉ፣ በሚቀጥለው ሌሊት ተመልሳችሁ አጭሩን አንሱ። ኔቡላዋ የትም አትሄድም።