የተማርነውን ጣልነው

በዘጠናዎቹ ሳሪስ አቦ የኖረ ሰው የእድር ጡሩምባ ድምፅ ከጆሮው አይወጣም። ሰፈራችን የቃሊቲ ጉምሩክ ጎረቤት፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና መተላለፊያ ነውና ኤች አይ ቪ ክፉኛ ነበር የጎበኘን። መጀመሪያ የታመመውን ጓዳ ደበቅነው። ሲሞትም «ሳንባ ነው፣ ጉበት ነው» አልን። የበላበትን ሳህን ለይተን አስቀመጥን።

ከዚያ ግን ተማርን። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በሕዝብ ፊት ቆመው ስለ ራሳቸው ተናገሩ፤ እንደ ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ተመሠረቱ። በ1994 የጀመረው «የቀን ቅኝት» የራዲዮ ድራማ 257 ክፍል ሄዶ አባትና ልጅ አብረው ሊያነሡት የማይደፍሩትን ጉዳይ እቤት ውስጥ አስወራ። በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር አልፈው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ያዙ። መድኃኒቱ በ1997 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሕዝቡ ከበሽተኛው መሸሽ ምን እንደሚያስከፍል በራሱ ልጆች አይቶ ጨርሶ ነበር።

አንጀቴን የሚበላኝ ይህን ሁሉ ዋጋ ከፍለን ያገኘነውን እውቀት መጣላችን ነው። ሱስ ሲመጣ አንዱንም አላወጣነውም።

ሱሱ ተደብቆ አልመጣም። በዓይናችን ሥር ነው ያደገው። ልጆቹ በበርጫ ጀመሩ፣ በጨብሲ ቀጠሉ፣ ከዚያ ሺሻ፣ ጋንጃና ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ተከተለ። ኮኬይንማ የሌላ አገር ወሬ ይመስለን ነበር፤ ሆዳቸው ውስጥ ደብቀው በቦሌ ሲያልፉ የተያዙ መንገደኞች ዜና ግን ተደጋገመ፤ ከሳሪስ ቦሌ ምን ያህል ይርቃል? እኛ ደግሞ የምናውቀው መልስ አንድ ብቻ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻን ከለከለ፤ ሺሻ ቤት ተሰበረ፣ ዕቃው በአደባባይ ተቃጠለ፣ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ቤት ተይዞ የወጣው ልጅ ማታ ወዴት እንደገባ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አንድ እሑድ በእድር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሡ። «አባቶቼ፣ ልጄ ሱስ ይዞት እያለቀብኝ ነው። ሳይሞት ድረሱልኝ፤ ለሕክምና የሚሆን ትንሽ አበድሩኝ» አሉ። አዳራሹ ዝም አለ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ «እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ፤ ደንባችን ግን ለዚህ አይፈቅድም» ብለው መለሱ። ከኋላ «ዱርዬ አሳድጎ…» ያለም ነበር። ያ ልጅ ከዓመት በኋላ ሲሞት እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን ደረደረ፣ ገንዘቡንም አንድ ብር ሳያጎድል ለእናቲቱ ቆጥሮ ሰጠ። ለሕክምናው ከለመኑት ይበልጥ ነበር። ለኤች አይ ቪ የተሻሻለ ደንብ ለሱስ ለምን አልተሻሻለም? ያኔ እጅ ያወጡት አባቶች እኮ ዛሬም እዚያው አዳራሽ ተቀምጠዋል።

ሕጉም ከእኛ አልተሻለም። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደገኛ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በአንድ አንቀጽ ሥር አስቀምጧል። ነጋዴው ይታሰር፤ የልጆቻችንን አእምሮ ለሚሸጥ ሰው ጥብቅና አልቆምም። የሚጠቀመው ልጅ ግን ሕመሙን ቢናገር ራሱን መክሰሱ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ይደበቃል፣ ቤተሰቡም ይደብቀዋል። ፖርቱጋል በ1993 በሄሮይንና በኤች አይ ቪ ስትታመስ ለራሱ መጠቀሚያ ጥቂት ዕፅ የያዘን ሰው ከፍርድ ቤት አውጥታ የጤና ባለሙያ ወዳለበት ጉባኤ መራችው፤ ነጋዴውን መክሰሷን ግን አልተወችም። የእኛም አገር ሕክምናው ጭራሽ የለም አይባልም፤ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ግን ስንቱ ቤተሰብ ነው «አማኑኤል ታየ» መባልን ፈርቶ ልጁን በሌሊት ጠበል ወስዶ በሌሊት የሚመልሰው?

ማዘን አቅቶን አይደለም። በ2011 አንዲት ወጣት ቻይና ውስጥ ኮኬይን ይዛ ተገኘች ተብላ ስትታሰር፣ የዚያ አገር ሕግ እስከ ሞት እንደሚቀጣ ስንሰማ አገር ሙሉ አለቀሰ። «ተታልላ ነው፣ ልጃችን ናት» አልን፤ መልካም አደረግን። ኮኬይን የሚለው ስም እንኳ ያን ርኅራኄ አላስቀረውም። በራችን ላይ ተኮራምቶ ለሚያድረው የጎረቤት ልጅ ግን የዚያን እሩብ እንኳ አጣንለት።

በሳሪስ አቦ ያላችሁ የእድር ዳኞች፣ እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን አውጡትና «በሱስ ለታመመ የእድርተኛ ልጅ የሕክምና ብድር ይሰጣል» የምትል አንዲት አንቀጽ ጨምሩበት። መንግሥት እስኪፈቅድ የምትጠብቁት ነገር የለም። ገንዘቡ በሣጥናችሁ አለ፤ ልጁ ሲሞት ማውጣታችሁ አይቀርም።