የባሕሩ በር

ዛሬስ ከፖለቲካ ወጥቼ ስለ ቤተሰብ ዕረፍት ልጽፍ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ልጆቼ አድገው ተበታትነዋል፤ ሁለቱ በፓሪስና በብራሰልስ፣ ታናሺቱ በአዲስ አበባ ይኖራሉ። ደቡብ ፈረንሳይ እንድንገናኝ ስናቅድ ወጪውን መቀነስ አላስቸገረንም፤ ነሐሴን በመስከረም፣ የኒስን ከተማ በኒም ለወጥን፤ ቤት በጋራ ተከራይተን ራሳችን ልናበስል፣ ወደ ባሕሩም በባቡር ልንወርድ ተስማማን።

ታላላቆቿ ቲኬት ብቻ ይበቃቸዋል። ታናሺቱ ግን ለቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ትከፍላለች፤ ብትከለከልም አይመለስላትም። የማደሪያ ማስረጃም አስቀድሞ ይጠየቃል።

የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት በሕግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር፤ ባሕሩ ለድሃም የተከፈተው ያኔ ነው ይባላል። ለእኔ ልጆች ግን በሩ ዛሬም እንደ ፓስፖርታቸው ነው።

ትናንት የቤቱን ቀብድ ከፈልሁ፤ የእርሷንም አልጋ ቆጥሬ።