የሰባት ዶሮ ዕዳ

አንባቢዎቼ፤ ከእናንተ መካከል በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ደመወዙም ከወር እስከ ወር የማይደርስለት ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ጫጩት ስለ ማስፈልፈልና ስለ ማሳደግ ነው። «ይህ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። እኔም እስከ 2014 ዓ.ም. የገና ሰሞን ድረስ እንደዚያው እል ነበር፤ ዶሮንም የማውቃት በወጥ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ከገበያ ሦስት ዶሮዎች ገዛሁ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእኅቴ ቤት ነበር። ሦስተኛዋ ግን ነጠብጣብ ላባ ያላት ቄብ ነበረችና ዓይኔ ስለ ወደዳት ብቻ ገዛኋት። አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ግቢ አከራዬ እማማ ስድስት እናት ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ ነበሯቸው። እንቁላሉን ለጎረቤት እየሸጡ የዕድራቸውን መዋጮ የሚከፍሉት ከዚያው ነው። እኔም ቄቧን ከእነርሱ ጋር ለቀቅኋት። እማማ «ልጄ፣ ከየት አመጣሃት?» ብለው ቢጠይቁኝ «ከገበያ ናት፤ ጤነኛ ናት» አልኋቸው። ጤነኛ መሆኗን በምን አወቅሁ? በላባዋ!

ገና ባለፈ በአምስተኛው ቀን ቄቧ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ከግድግዳው ሥር ተኰራምታ አገኘኋት። ኩሷ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ሞተች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። መጀመሪያ ሁለቱ እናት ዶሮዎች፣ ቀጥሎ አውራው፣ ከዚያም የቀሩት ተራ በተራ መተንፈስ እያቃታቸው፣ አንዳንዶቹም አንገታቸው እየተጣመመ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ሰባቱም አለቁ። ጠዋት ጠዋት ሲያስካኩ እንቅልፍ ነሡኝ እያልሁ አማርር የነበርሁት ሰው፣ ጸጥ ያለው ግቢ እንቅልፍ ነሣኝ። እማማ ግን «የእግዜር ሥራ ነው» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የወረዳችንን የእንስሳት ሐኪም ሄጄ ጠየቅሁ። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» እንደሚባለው የገዛ ጥፋቴን ጭሬ ያወጣሁት ያን ቀን ነው። በሽታው አገር የሚያውቀው ፈንግል ነበር። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ኒውካስል ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1926 ከታየባት ከእንግሊዝ አገር ከተማ ነው። ሐኪሙ እንደ ነገሩኝ አንዴ ከያዘ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም፤ የሚያዋጣው አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ደግሞም ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተሕዋሲው በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ዶሮ ምንም ብታምር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ መቀመጥ አለባት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን አንዱን ያዙልኝ።

ለእማማ የዶሮዎቹን ዋጋ ልክፈል ብዬ ገንዘብ ይዤ ገባሁ። «ልጄ፣ እኔ በገንዘብ አልገዛኋቸውም፤ አሳድጌያቸው ነው» ብለው መለሱልኝ። እኔም ከዚያ ቃል ላይ ተነሥቼ፣ እንግዲያውስ አሳድጌ ልክፈል አልሁ።

ሥራው የተጀመረው በጽዳት ነው። የቆጡን ጭድና ኩሱን ጠርጌ አቃጠልሁ፤ መሬቱን ጠረግሁ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፤ ከዚያም ከወር በላይ ባዶውን ለፀሐይ ተውሁት። በየካቲት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ መታቀፍ የፈለገች፣ የተከተበች እናት ዶሮ አዋሰኝ። መታቀፍ የፈለገች ዶሮ በምን ትታወቃለች ብትሉ፣ ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች፤ እጃችሁን ስትሰዱባት ላባዋን ነፍታ ትቈጣለች፤ እንቁላል መጣልም ታቆማለች።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የካቲት 14 ቀን ከመደብር ዐሥራ ሁለት ትልልቅ እንቁላሎች ገዝቼ አሳቀፍኋት። በሰባተኛው ቀን ማታ በእጅ ባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ብናያቸው ሁሉም እንደ ተገዙ ጥርት ብለው ቀርተዋል። እማማ ከሐዘናቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ማታ ነው። «አዬ ልጄ! እነዚህ ባል አያውቁም እኮ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለመብል እንቁላል በሚያመርቱት ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች ውስጥ አውራ አይገባም። እንቁላል ያለ አውራም ይጣላል፤ ጫጩት ግን አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተማርሁ ሰው ይህን አለማወቄ ምን ይባላል?

በማግስቱ ለባልደረባዬ ብነግረው እየሳቀ «ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ በቤታችን እንቁላል የሚበላ የለም፤ ና ውሰድ» አለኝ። ለካስ ጾሙ ለጫጩት ይጠቅማል! እንቁላል ሳይበላ የሚከማችበት ጊዜ ስለ ሆነ ከድስቱ ይተርፋል። የሰጠኝ ዐሥራ ሁለቱም ከተጣሉ ሳምንት ያልሞላቸው ነበሩ፤ ከዚያ በላይ በቈዩ ቍጥር የመፈልፈል ተስፋቸው እየቀነሰ ይሄዳል። የተሰነጠቀውንና ቅርጹ የተበላሸውን አስቀርተን፣ በጭድ ጠቅልዬ፣ በታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ አመጣኋቸው። ጥቂት ሰዓት ካሳረፍኋቸው በኋላ ማታ፣ ዶሮዋ ሳትደነግጥ፣ በጨለማ ከሥሯ አስገባኋቸው። ጎጆዋ አሮጌ ቅርጫት ነው፤ ከታች ቅንቅን እንዳይፈላባት አመድ ነሰነስንበት፤ ከላይ ጭድ አደረግንበት። እማማ ነጐድጓድ ጫጩቱን በቅርፊቱ ውስጥ እንዳይገድለው ብለው አንድ የዛገ ምስማር ከጭዱ ሥር ሸጐጡ። እኔ በምስማሩ አላምንም፤ ነገር ግን አላወጣሁትም። በዚያ ግቢ ውስጥ የመከራከር መብቴን ካጣሁ ቈይቻለሁ።

አንባቢዎቼ፤ የዶሮ መታቀፍ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይምሰላችሁ። እንቁላሉ ጫጩት ለመሆን 21 ቀን ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱም ከ37 ዲግሪ ተኩል ብዙ መራቅ የለበትም። ዶሮዋ ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። በደረቷ ላይ ላባዋ ስለሚረግፍ ገላዋ ራሱ እንቁላሉን ይነካዋል፤ ሽሉም ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ በቀን ብዙ ጊዜ በመንቈሯ ታገላብጠዋለች። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥታ በልታ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ ትመለሳለች። የጥንት ግብፃውያን ይህን የእናት ሙያ በጭቃ በተሠራ ምድጃ ተክተውት ነበር። ሠራተኞቹም እንቁላሉን ከዓይናቸው ቆብ ላይ አስጠግተው ሙቀቱን ይለኩ ነበር ይባላል። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ደግሞ እንቁላሎችን በየቀኑ እየሰበረ ሲመረምር፣ በሦስተኛው ቀን ግድም ልቡ እንደ ደም ነጥብ ሆኖ ሲዘል ማየቱን ጽፏል። እኔ አልሰበርሁም። በሰባተኛው ማታ ባትሪውን ሳበራባቸው ግን በዐሥሩ ውስጥ ከአንድ ጥቍር ነጥብ ዙሪያ የተዘረጉ ቀያይ ሥሮች አየሁ። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ሁለቱ እንቁላሎች ባዶ ስለ ነበሩ ገምተው ሌላውን እንዳያበላሹ አወጣናቸው።

ከዐሥራ ስምንተኛው ቀን በኋላ አልነካኋቸውም። መጋቢት 12 ቀን ሌሊት ግን ጆሮዬን አስጠግቼ ከቅርፊቱ ውስጥ «ጭው ጭው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እናታቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስላቸው ነበር። ጫጩቱ በመንቈሩ ጫፍ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የበቀለች ትንሽ ጥርስ መሳይ አለችው። በእርሷ ቅርፊቱን ይበሳና ያርፋል። ዕረፍቱም ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። እኔ ግን አላስቻለኝምና ከበሱት አንዱን «ልርዳው» ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥሁት። ደም ወጣው። የደም ሥሩ ገና ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን አልተለየም ነበርና በእጄ ላይ ሞተ። አንዱም ሳይበሳ ቀረ። ስምንቱ ግን እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ወጥተው፣ ደርቀው፣ እንደ ጥጥ ሆኑ።

ጫጩት ከመውጣቱ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚስብ በመጀመሪያው ቀን ባይበላም አይጐዳም። ውኃ ግን በጊዜ መቅረብ አለበት፤ በዝርግ ዕቃ፣ መካከሉ ላይ ጠጠር ተደርጎበት። እኔ ጠጠሩን በሦስተኛው ቀን ረስቼ አንዱ ጫጩት ሰመጠ። ምግቡ የጫጩት መኖ ቢገኝ መልካም ነው፤ እኛ ገዝተን የተቀቀለ እንቁላል እየፈረፈርን ጨመርንበት። እንቁላል ለጫጩት መስጠት ነውር ይመስላል፤ እነርሱ ግን ቅር አላላቸውም። በመጋቢት የበልግ ዝናብና ብርድ ስለ ነበረ እናታቸውን ከእነርሱ ጋር በእኔ ክፍል ውስጥ አሳደርሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይሻልና፣ እናት ከሌለችው ሳጥንና አምፖል ያስፈልገዋል። ክፍሌ ምን ምን ይሸት እንደ ነበር አልነግራችሁም።

ክትባቱ ቀረ። ዋናው ጭንቀቴም እርሱ ነበር። ክትባት በቢሾፍቱ ያለው፣ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጃል። ለጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለው በዓይን አንድ ጠብታ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግድም ደግሞ ላሶታ የሚባለው ይሰጣል። ችግሩ ግን ብልቃጡ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን ነው፤ ተከፍቶም አያድርም፤ በቅዝቃዜ ካልተያዘም ይሞታል። ለሰባት ጫጩት አንድ ሙሉ ብልቃጥ! ሐኪሙ «ጎረቤቶችህን ሰብስብ» አሉኝ።

ጎረቤቶቼን መሰብሰብ ማለት ደግሞ በየደጁ ቆሞ የሆነውን መናገር ማለት ነው። በጥር ወር በመንደሩ ሌሎችም ዶሮዎች ሞተው ነበርና፣ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብዬ «ክትባት መጥቷል» ብል የሚጠይቀኝ አልነበረም። በመጀመሪያው ደጅ እንዲሁ ላደርግ አሰብሁ። ነገር ግን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቤ ቆመዋል፤ በፊታቸው እንዴት እዋሻለሁ? «በሽታውን ከገበያ ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አልሁ። አንዲት ሴት በሩን በፊቴ ዘጉት። አራት ዶሮ ሞቶባቸው ኖሯል። ሌሎቹ ገሠጹኝ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። እሑድ ጠዋት በረዶ በፔርሙዝ ይዤ፣ ሐኪሙም መጥተው በእማማ ደጅ ስንጠብቅ ስልሳ የሚያህል ዶሮ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም በሩን የዘጉብኝ ሴት በቅርጫት ሁለት ዶሮ ይዘው መጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም። ዶሮዎቻቸውን ግን የያዝሁላቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። አንዱን ጫጩት በሚያዝያ ጭልፊት ወሰደው፤ እናቲቱ እስከ ጣሪያው ድረስ ዘላ ተከትላው ነበር። ስድስቱ አደጉ፤ አራቱ ቄብ፣ ሁለቱ አውራ ሆኑ። እናቲቱን ለባለቤቷ መለስሁ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. አንዲቱ ቄብ በጠዋት ስታስካካ ከአልጋዬ ተነሥቼ ወጣሁ። እማማ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ትንሽ እንቁላል በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል።

«እማማ፣ እንግዲህ ዕዳዬ ተከፈለ?» አልኋቸው።

በጣታቸው ቈጠሩ። «ሰባት ሞተውብኝ ስድስት መለስህ፤ አንድ ይቀርሃል።»

«ለገና ከገበያ ገዝቼ ላምጣልዎት?»

«አምጣ» አሉ እማማ፣ እንቁላሉን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ፤ «ሁለት ሳምንት ግን አንተው ክፍል ውስጥ ታድራለች።»